ጅማ ላይ የፕራዶዬን ካምቢዮ ያዳነልኝ ጋራዥ

መኪናዬ ፕራዶ ናት። የ1999 ሞዴል፣ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ። ካምቢዮዋ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗ፣ ሲበላሽ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጅማ ላይ ኦቶማቲክ የሚነካ የለም፣ ጭነህ አዲስ አበባ ውሰዳት።» 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የመጫኛው ኪራይ አለ፣ እዚያ ደርሶ ጋራዥ መፈለግ አለ፣ ሥራ ፈትቶ አልጋ ይዞ መጠበቅ አለ። እሱን ሳሰላ እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን በዚያው ካምቢዮ ሦስት ወር ነድቻለሁ። ጌራ ሁለቴ፣ ሊሙ አንዴ ሄጃለሁ፣ አዲስ አበባም ደርሼ ተመልሻለሁ። የሠራልኝ ጋራዥ እዚሁ ጅማ ነው። በሩ ላይ ስም የለውም። ከጅማ መርካቶ ወደ አወይቱ ወንዝ ወረድ ስትሉ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው፤ ሰዉ «የኦቶማቲኩ ጋሼ ጋር» እያለ ነው የሚጠቁመው። በዚህ አካባቢ ኦቶማቲክ ፎርዊል ይዛችሁ የምትንከራተቱ ካላችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው፤ ስለ ብልሽቱም ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ይሄ ሁሉ ገንዘብ አይወጣም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቡና ሥራ ላይ ነኝ። ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጌራ፣ አንዳንዴም ወደ ሊሙ እመላለሳለሁ። መጀመሪያ ምልክት ያየሁት ግን ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊቤ በረሃ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሽቅብ ስይዘው ዳሽቦርዱ ላይ «ኤ/ቲ ኦይል ቴምፕ» የምትል መብራት በራች። የካምቢዮው ዘይት ጋለ ማለት ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ ጠበቅኩ፣ ጠፋች። ቀጠልኩ። ሙቀቱ ነው ብዬ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ነገሮች መጡ። 70 አካባቢ ስነዳ አስፋልት ላይ ሆኜ ፒስታ ላይ ያለሁ ያህል መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ሳነሳ ይቆማል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ጎማ ነው ብዬ ባላንስ አሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ዲ ላይ ሳስገባ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆማ ነው ድንገት የምትነሳው። የራዲያተሩ መጠባበቂያ ውሃ ላይ ደግሞ ሮዝ የሚመስል ቅባት ተንሳፍፎ አየሁ። ዝገት መሰለኝ። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመሀል አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር፤ ሌላ ከተማ ነው። ኮምፒውተር ሰኩ፣ ምንም አያሳይም አሉ። የካምቢዮውን ዘይት አወረዱ፤ ቀይ መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኖ ወረደ። «ተበላሽቷል» ብለው አዲስ ሞሉበት፤ ለምን ተበላሸ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ሳምንት ደህና ሄደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው መንቀጥቀጥ ተመለሰ። ስደውልላቸው «እንግዲህ ካምቢዮው አልቋል፣ ሰልባጅ ግዛና እንግጠምልህ» አሉኝ። ዋጋው 300 ሺህ ብር። ሰልባጅ ነው እንግዲህ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

ቁርጡ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ፣ ዝናብ ያደረበት ጭቃ ዳገት ላይ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ የዙሩ መቁጠሪያ 3 ሺህ 500 ይደርሳል፣ መኪናዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ የለም። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ አንዴ ካሸተታችሁ አትረሱትም። አጠፋኋት። ኋላ ማርሽም አልይዝ አለች።

ልጎትትህ ያለኝ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ነበር፤ እግዜር ይስጠው ብዬ እምቢ አልኩ። ኦቶማቲክ መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ጎማዋ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ረጅም መንገድ ስትጎተት ዘይት የሚገፋው ፓምፕ አይሠራም፣ ውስጧ ደርቆ ይበላል። የግድ ከሆነም ትራንስፈሩን (የፎርዊሉን ትንሽ ማርሽ) ኤን ላይ አድርጎ ለአጭር ርቀት፣ ቀስ ብሎ ነው። እኔ ከቡና ጭነት የሚመለስ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አገኘሁና በጉብታ ተጠግቶ፣ ሳንቃ ተነጥፎ፣ በመንደሩ ልጆች ግፊያ ተጭና ጅማ ገባች። ለኤፍኤስአሩ 14 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ጋሼ ስልሳውን የተሻገሩ ሰው ይመስሉኛል። ሰማያዊ ቱታ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ። ከጭነት መኪናዋ እንዳወረድናት ኮምፒውተር ሰክተው፣ መኪናዋ ሥር ገብተው ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ሄዱ። ክዳኑን ከፈቱ። ጣታቸውን ነክረው አወጡና አሳዩኝ። ቀይ ሥር የነካው እርጎ ነው የሚመስለው።

«ልጄ፣ ራዲያተር ውስጥ ምን ትጨምር ነበር?» አሉኝ።

«ውሃ ነዋ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተናገሩኝም። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙ፤ ያው ሮዝ፣ አረፋ ያለው። አጠገባቸው ሻይና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ከሰሏ ላይ አንድ የተጣለ ወፍራም ላሜራ አጋሉና በዘይት መለኪያው ጫፍ አንድ ጠብታ ጣሉበት። ጠብታው ተንጣጣ። ጥሩ ቡና ምጣድ ላይ ሲንጣጣ እንደምትሰሙት፣ ቷ ቷ ቷ። ቀጥለው ከአዲስ ጣሳ ንጹህ ዘይት ጣሉ። እሱ ጭስ አለ እንጂ ድምፅ የለውም። «የሚንጣጣው ውሃ ነው» አሉኝ። ከመኪናዋ ጋር ከወራት ንትርክ በኋላ በሽታውን ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ፣ በአንድ ቁራጭ ላሜራ ነው። አንጀቴን ነው ያራሱት።

ለማታውቁ ላስረዳ። በፕራዶ ራዲያተር ታችኛው ክፍል ውስጥ የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዝባት ቱቦ አለች። ዘይቱ ከካምቢዮ ወጥቶ በእሷ ውስጥ ያልፋል፣ ዙሪያውን ያለው የራዲያተር ውሃ ያበርደዋል፣ ተመልሶ ይገባል። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ብረት ብቻ ነው። ኩላንት (በውሃ ፋንታ ለራዲያተር የተሠራው ፈሳሽ) ዝገት የሚከላከል ነገር አለው፤ ዝም ብሎ የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ ዓመት ከዓመት ስንሞላበት ግን ብረቱ ይበላል፣ ይቀደዳል። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይት ወደ ራዲያተር ይገባል። እኔ ዝገት ነው ያልኩት ሮዝ ቅባት እሱ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፣ የጋለው ራዲያተር ግን ግፊቱን እንደያዘ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ውሃው በተራው ወደ ካምቢዮ ይገባል። ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ወረቀት መሰል ሸራ በብረት ላይ በሙጫ ተለጥፎባቸው ነው የሚሠሩት። ሸራው ውሃ ይጠጣል፣ ሙጫው ይለቃል። ዘይት ብቻ መቀየር ያላዳነኝ ለዚህ ነው። ያ የ300 ሺህ ብር ሰልባጅ ቢገጠምልኝ ኖሮ ከዚያው ከተቀደደ ራዲያተር ጋር ነበር የሚገናኘው፤ እሱንም በጥቂት ወር ውስጥ ውሃ ይበላው ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

በኤሌክትሪክ በኩል ችግር እንደሌለ ያረጋገጡት ደግሞ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ነው። ኮፈኑ ሥር ካለች ትንሽ ሳጥን ሁለት ቀዳዳ አገናኙና «ኦ/ዲ ኦፍ» የምትለው መብራት ስትርገበገብ ቆጠሩ። የምትቆጥረው ኮድ 62 ወይም 63 ከሆነ የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ነው፣ 64 ከሆነ የኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ዕቃ) መቆለፊያ ነው አሉኝ። የእኔዋ ሳታቋርጥ በእኩል ፍጥነት ስትርገበገብ ቆየች፤ ኮድ የላትም ማለት ነው። በሽታው የብረትና የዘይት መሆኑን አየሁ።

ካምቢዮው ሲወርድ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ይሄንን ሌላ ቦታ አላየሁም። አብዛኛው ጋራዥ ባለመኪናውን ከበር ውጭ ያስቀምጠዋል። እሳቸው ዱካ አመጡልኝና «እይ፣ ገንዘብህ ነው» አሉኝ። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲከፈት ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ላይ ግራጫ ጭቃ ተከምሯል፤ በጣት ስታሹት ሻካራ ነው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። አንዱን ሰጡኝና «በጥፍርህ ንካው» አሉኝ። ሸራው እንደ እርጥብ የግድግዳ ማስታወቂያ ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ደህና ዲስክ ላይ ይሄ በካቻቢቴም አይሆንም።

ቫልቭ ቦዲውን፣ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ የፈታው ከተለማማጆቹ አንዱ ነው። ሃያም የሞላው አይመስለኝም። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ብዮች እንዳይጠፉ ከቡናዋ ሴትዮ ስኒ ተውሶ እየቆጠረ ይጨምራል፣ ነጭ ካርቶን ላይ ደግሞ የትኛው ከየት እንደወጣ በእስክሪብቶ ይሥላል። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ እየተነጋገሩ ሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩት። ያን ጊዜ ነው መኪናዬ ደህና እጅ ላይ እንዳለች የገባኝ። ለእኔ ከመሣሪያቸውም ከጠረጴዛቸውም በላይ ያቺ ስኒ ናት።

ዕቃው ጅማ አልተገኘም። የጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት ማሸጊያዎች) ኪት፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፊልትሮ፣ ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የመጣው፤ ጋሼ ራሳቸው ደውለው፣ የካምቢዮውን ቁጥር አንብበው አዘዙና በአውቶቡስ ተላከ። ኮንቨርተሩን በተመለከተ ቁርጡን ነገሩኝ። የተበየደ ዕቃ ስለሆነ ከፍተው አያጥቡትም፣ ውስጡ የቀረ ውሃና የሸራ ብናኝ አዲሱን ሥራ ያበላሻል፤ ወይ አዲስ አበባ ተልኮ ተቆርጦ ታጥቦ ይበየዳል፣ ወይ ሌላ ይገዛል። እንዲላክ መረጥኩ። ራዲያተሩ አዲስ ተገዛ። ከዚያም በላይ የካምቢዮው ዘይት ከነጭራሹ በራዲያተሩ ውስጥ እንዳያልፍ አድርገው ከፊት ለፊት፣ ንፋስ በሚመታበት ቦታ ለብቻው ማቀዝቀዣ ገጠሙለት። ከእንግዲህ ራዲያተሩ ቢቀደድ እንኳ ውሃና ዘይት የሚገናኙበት መንገድ የለም። በጣም በሚቀዘቅዝ አገር ዘይቱ በራዲያተሩ መሞቅም ይፈልጋል ይባላል፤ ለጅማ አየር ግን ይህ አያሳስብም አሉኝ።

ዘይቱ ዴክስሮን 3 ነው፣ የእኔዋ ካምቢዮ የምትጠይቀው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ሌላ ዓይነት ነው የሚጠይቁት፣ ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲለካም መኪናዋ ነድታ ከሞቀች በኋላ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አዙሮ ወደ ፒ መልሶ ነው። ቀዝቃዛ ለክቶ መሙላት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው።

ገንዘቡን ልንገራችሁ። ለእጅ 30 ሺህ ብር። ዕቃው፣ ኮንቨርተሩ፣ ራዲያተሩ፣ ማቀዝቀዣውና ዘይቱ ተደማምሮ 118 ሺህ። የዕቃዎቹን ደረሰኝ ሁሉ አስረክበውኛል፣ አሮጌውን ዕቃም በማዳበሪያ አድርገው ሰጥተውኛል። አንዲት ብር አልጨመሩብኝም፤ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴን ዋጋ አስጠይቄ አመሳክሬዋለሁ።

የማያስደስተውንም ልናገር። በ8 ቀን ትደርሳለች ብለውኝ 19 ቀን ፈጀች። ግማሹ የኮንቨርተሩ መመላለስ ነው፣ ያ ይገባኛል፤ ሌላው ግን ስልክ አለማንሳት ነው። ጋሼ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አይነኩም፣ ሌላ የሚያነሳም ሰው የለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደውዬ ስላጣኋቸው ከአጋሮ ሥራዬን ጥዬ መጥቻለሁ። አንድ ሰው ስልክ ላይ ቢመድቡ ምን ነበረበት? ግቢው ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ወንበሬ ላይ ምንም ሳይነጠፍ ተቀምጠው የሹፌሩ ወንበር ላይ የዘይት ቅርጽ ቀርቷል፣ አልለቀቀም። ዋስትናውም በቃል ነው፤ ስድስት ወር ብለውኛል፣ ወረቀት የለውም። እኔ ቃላቸውን አምኛለሁ፤ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቅ።

መኪናዋን የተረከብኩ ቀን ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ይዘን ወጣን። ዲ ላይ ሳስገባት ወዲያው ያዘች። 70 ላይ ስደርስ እጄ መሪው ላይ ተወጥሮ ያን መንቀጥቀጥ ጠበቅኩ። የለም። 80፣ የለም። ጋሼ መስኮቱን ዘግተው ጆሯቸውን ወደ ታች ዘንበል አድርገው ብቻ ያዳምጣሉ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አስቆሙኝና የጭቃ አነዳድ አስተማሩኝ። እኔ ጭቃ ላይ ሁሌ ትራንስፈሩን ኤች (ፈጣኑ) ላይ እንደተወኩ፣ ዲ ይዤ ነበር ነዳጅ የምረግጠው። ጎማ ቀስ ብሎ ሲዞር ሞተሩ ግን ሲጮህ ልዩነቱን ኮንቨርተሩ ነው የሚሸከመው፣ ዘይቱን እየፈጨ ያግለዋል። ትራንስፈሩን ኤልኤል (ዝግተኛውና ጉልበታሙ)፣ ካምቢዮውን ኤል ወይም 2 ላይ አድርጋችሁ ስትወጡ ኮንቨርተሩ ያርፋል። «መብራቷ ከበራች ቁም፣ ኤን ላይ አድርግ፣ ሞተሩን ግን አታጥፋ፤ ዘይቱ እየዞረ ይብረድ» አሉኝ። ጊቤ ላይ መብራቷ ስትበራ ሞተሩን አለማጥፋቴ ልክ ነበር። መርሳቴ ነው ጥፋቱ።

በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ተመልሼ እንድመጣ ነግረውኝ ነበር፤ ሄድኩ። ኮፓውን ከፍተው ማግኔቶቹን አዩ፣ ፊልትሮውን አዩ፣ ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ለብርሃን ያዙት። ንጹህ ቀይ። አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገው ዘጉት፣ የጨመሩትን ዘይት ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። ገለቶማ ጋሼ።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከመርካቶ ስትወርዱ መታጠፊያው ላይ የባጃጅ ማቆሚያ አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው በር ነው። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተራችሁን ክዳን ክፈቱና ውስጡን እዩት።